አስቤስቶስ ያመጣው ሕመምና የካሳ ጥያቄ፦ ለአንባቢያን የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር የመረጥናቸው አራት ጥያቄዎች ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የመጡ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ሌላ ቦታ የምትኖሩ አንባቢያን የቀነ ገደቦቹን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት።

ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ከ1986 እስከ 2009 ዲሲ ውስጥ በትልልቅ ሕንፃዎች ቦይለር ክፍል የጥገና ሥራ ይሠሩ ነበር። ባለፈው ዓመት ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር፤ ሳንባቸው ዙሪያ ውኃ ተገኝቶ ሁለት ጊዜ ተቀዳ። መጀመሪያ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ባለፈው ወር ግን ናሙና ተወስዶ ሜሶቴሊዮማ መሆኑ ተነገረን። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። ኢንተርኔት ላይ አንድ ቅጽ ሞልተን ነበርና ከማናውቀው ስልክ እየተደወለ «ዛሬውኑ ፈርሙ» እያሉን ነው። ከየት እንጀምር? — ልጃቸው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ለአባትዎ ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክላቸው። ለደወሉት ሰዎች ዛሬ ምንም አይፈርሙ። ነገር ግን ጉዳዩን ለሚቀጥለው ወር አያሳድሩት፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

ሜሶቴሊዮማ የሳንባን ወይም የሆድ ዕቃን ሽፋን የሚይዝ ካንሰር ነው። የአስቤስቶስ (ሙቀት እንዳያልፍ ለቧንቧና ለቦይለር መሸፈኛ ይውል የነበረ ጭረታማ ማዕድን) ብናኝ ከተሳበ በኋላ ሕመሙ ብቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ስለሆነ፣ በ1986 ሥራ የጀመሩ ሰው አሁን መታመማቸው የሚያስገርም አይደለም። አለማጨሳቸው ጉዳዩን ከቶ አያዳክመውም። ሲጋራና አስቤስቶስ ሲደረቡ አደጋውን የሚያባዙት በሳንባ ካንሰር ላይ ነው፤ ሜሶቴሊዮማ ግን በሲጋራ አይመጣም።

ከተከሳሾች በኩል «በ1986 አስቤስቶስ ቀርቶ ነበር» የሚል መከራከሪያ መምጣቱ አይቀርም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለቧንቧና ለቦይለር መሸፈኛ የሚውለውን አስቤስቶስ በ1975 መከልከሉ እውነት ነው። ክልከላው ግን አዲስ እንዳይገጠም እንጂ ቀድሞ የተገጠመው እንዲነሳ አላዘዘም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ ሕንፃዎች ቦይለር ክፍል ውስጥ ጀሶ የሚመስለው ነጭ የቧንቧ ልባስ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በቦታው ነበር። ቫልቭ ለመቀየር ልባሱ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ፍላንጁ (የቧንቧው መጋጠሚያ) ሲከፈት የደረቀው ጋስኬት (ማሸጊያው) በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፤ ወለሉ ላይ የረገፈው በደረቁ ይጠረጋል። አባትዎ እነዚህን ሥራዎች በየስንት ጊዜው ይሠሩ እንደነበር በዝርዝር መናገር ከቻሉ፣ የክሱ እምብርት እሱ ነው።

ስለ ቲቢው፦ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ሳንባው ዙሪያ ውኃ ሲገኝበት ሐኪም መጀመሪያ ቲቢን መጠርጠሩ ያለ ነው። ችግሩ የተቀዳው ውኃ ብቻውን ሲመረመር ሜሶቴሊዮማ ብዙ ጊዜ ስለማይታይበት ነው፤ በካሜራ ተገብቶ ከሽፋኑ ላይ ናሙና መወሰድ አለበት። ቲቢ ያልተረጋገጠላቸው፣ ውኃው የሚመላለስባቸውና በግንባታ ወይም በጥገና የሠሩ ሰዎች ለሐኪማቸው «አስቤስቶስ ባለበት ሠርቻለሁ» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ሐኪም ሳይነገረው አይጠይቅም፤ አስተርጓሚም ሳይነገረው አይጨምርም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከሆስፒታሉ የፓቶሎጂውን (የናሙናውን ምርመራ) ሪፖርት፣ የሲቲ ስካኑን ምስል በሲዲ፣ የቀዶ ሕክምናውንም ማስታወሻ ይጠይቁ። የተወሰደው ናሙና በሰም ተይዞ በላቦራቶሪ ይቀመጣል፤ እንዳይጣል በጽሑፍ ያመልክቱ። የተከሳሽ ወገን ሐኪሞች «ይህ ሌላ ካንሰር ነው» ሲሉ የሚመለሰው ወደዚያ ናሙና ነውና።

ለሥራ ታሪካቸው ደግሞ ከሶሻል ሴኩሪቲ በፎርም ኤስኤስኤ-7050 በየዓመቱ የከፈላቸውን አሠሪ ስምና አድራሻ የያዘ ዝርዝር ማስወጣት ይቻላል፤ ክፍያ አለው። ዝርዝሩ የአሠሪውን ስም እንጂ ሕንፃውን አይናገርም። ስለዚህ ደብተር ይዘው አጠገባቸው ይቀመጡ፤ የትኛው ሕንፃ፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ ቦይለሩ ላይ የተጻፈው ስም፣ የጋስኬቱ ካርቶንና የሲሚንቶው ከረጢት ምን ይል እንደነበር፣ አብረዋቸው እነማን ይሠሩ እንደነበር ይጻፉ። በአማርኛ ይጻፉት፤ ትርጉሙ ይደርሳል። ከባልደረቦቻቸው ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ የገቡ ካሉ ስልካቸውን ዛሬ ያፈላልጉ። «እኔና እሱ አንድ ክፍል ነበርን፤ ያንን ዕቃ እኛ ነን የምንፈታው» የሚል አንድ ሰው ከብዙ ወረቀት ይበልጣል።

የሚያስቸኩለው የአባትዎ የራሳቸው ቃል ነው። ብዙ የሜሶቴሊዮማ ሕሙማን ከምርመራው በኋላ የሚኖሩት ከአንድ ዓመት ብዙም ያልራቀ ጊዜ ነው። በ2020 የተፈቀደው የኢሚውኖቴራፒ ሕክምና ለአንዳንዶች ዕድሜ አራዝሟል፤ ይህን በሽታ አዘውትሮ የሚያክም የካንሰር ማዕከል ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅ ከክሱ የሚቀድም ጉዳይ ነው። ሆኖም ብርታቱ ሳለ በቪዲዮ፣ በመሐላ፣ ጠበቆቹ ሁሉ ባሉበት ቃላቸው መቀዳት አለበት። እንግሊዝኛ ቢችሉም የሚቀናቸው አማርኛ ከሆነ አስተርጓሚ ይጠየቅ። ተዳክመው በሁለተኛ ቋንቋ ለሰዓታት የሚጠየቁ ሰው «አላስታውስም» ማለት ይቀላቸዋል፤ ያ ቃል ደግሞ መዝገብ ላይ ይቀራል።

ለመጻፍ የሚከብደንን አንድ ነገር እንጨምር። በናሙና ያልተረጋገጠ ሕመም ያለበት ሰው ካረፈ፣ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ከመላኩ በፊት የአስከሬን ምርመራ መደረግ አለበት፤ ከቀብር በኋላ ማስረጃው አይገኝም። የአባትዎ ሕመም ስለተረጋገጠ ይህ ላያስፈልግ ይችላል፤ የሞት የምስክር ወረቀት ላይ ግን «ካንሰር» ብቻ ሳይሆን የሕመሙ ስም መጻፉን ቤተሰብ ሊከታተል ይገባል።

የይርጋው ጊዜ። በዲሲ የጉዳት ክስ የሚቀርበው ሕመሙና ምክንያቱ ከታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ ቤተሰብ የሚያቀርበው የሞት ካሳ ክስ የራሱ 2 ዓመት አለው። ከሁሉም የሚያጥረው የሠራተኛ ካሳው ነው፦ ሕመሙ ከሥራው ጋር መያያዙ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪው በጽሑፍ ማሳወቅ፣ በ1 ዓመት ውስጥ ደግሞ ማመልከቻ ማስገባት ይጠይቃል። ምርመራው ባለፈው ወር ስለሆነ የ30 ቀኑ ገደብ ወይ ደርሷል ወይ ሊደርስ ነው። ደብዳቤው ጠበቃ እስኪያዝ አይጠብቅ፤ ስማቸውን፣ ሕመሙን፣ የሠሩበትን ዘመን ጽፈው በሪኮማንዴ ለአሠሪውና ለዲሲው የሠራተኛ ካሳ ቢሮ ይላኩ። 30 ቀኑ አልፎ ቢሆንም ይላኩ፤ መዘግየት ሁልጊዜ በሩን አይዘጋም።

አሠሪን በፍርድ ቤት መክሰስ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ በእሱ በኩል ያለው መንገድ የሠራተኛ ካሳ ነው። የሚከሰሱት ዕቃውን ያመረቱትና ያቀረቡት ኩባንያዎች ናቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ ከስረዋል። ጆንስ ማንቪል በ1982 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በ1988 ለተጎጂዎች የሚከፍል ትረስት (የካሳ ፈንድ) ተቋቋመ፤ ኮንግረስም በ1994 ይህንኑ አሠራር በኪሳራ ሕጉ ውስጥ አስገባው። ዛሬ እንዲህ ያሉ ትረስቶች 60 ያህል ናቸው። ለሁሉም አንድ ማመልከቻ የለም፤ እያንዳንዱ የራሱ ቅጽ፣ የራሱ የዕቃና የሥራ ቦታ ዝርዝር አለው። ገንዘቡ ለኋለኞቹም እንዲደርስ ብዙዎቹ ከተመኑት ካሳ ላይ የሚከፍሉት በመቶኛ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ላይ የሚታየው ትልቅ ቁጥር ቤት የሚገባው ቁጥር አይደለም።

ጠበቃ ሲመርጡ አስቀድመው ይህን ይጠይቁ፦ ክሱን ራሳችሁ ታቀርባላችሁ ወይስ ለሌላ ድርጅት ታስተላልፋላችሁ? በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት የሚታዩት ስልኮች ብዙዎቹ ጉዳይ ሰብስበው የሚያስተላልፉ ናቸው። ክፍያው ካሳ ሲገኝ የሚቆረጥ ነው፤ ከሲሶ እስከ 40 በመቶ የተለመደ ነው፤ በጽሑፍ መሆን አለበት። ብዙ ቤተሰብ የሚያልፈው ነጥብ ወጪው መቼ እንደሚቀነስ ነው። ካሳው 100,000 ዶላር፣ ወጪው 15,000፣ ድርሻው 40 በመቶ ይሁን። የጠበቃው ድርሻ ከጠቅላላው ከተቆረጠ 40,000 እና 15,000 ተነሥቶ ለእናንተ 45,000 ይቀራል። ወጪው መጀመሪያ ከተነሣ ግን ከ85,000 ላይ 34,000 ተቆርጦ 51,000 ይቀራል። በአንድ ዓረፍተ ነገር 6,000 ዶላር ይለያያል። በተጨማሪ ሜዲኬር ለዚህ ሕመም የከፈለውን ከካሳው እንደሚያስመልስ ይወቁ። የሠራተኛ ካሳ እያለ ደግሞ ያለ ኢንሹራንሱ የጽሑፍ ፈቃድ ከአምራች ጋር መታረቅ ያንን ካሳ ሊያሳጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሜሪላንድ ውስጥ አሮጌ ሕንፃ የሚያፈርስ ኮንትራክተር ጋ ይሠራል። የወለል ታይልና የቧንቧ ልባስ ያነሳሉ፤ የተሰጠው ተራ የወረቀት ማስክ ነው። ኤክስሬይ ተነሥቶ ደህና ነው ተብሏል። መክሰስ ይችላል? — እህቱ

መልስ፦ ሕመም ሳይኖር የካሳ ክስ መሠረት የለውም፤ ንጹሕ ኤክስሬይም ከ20 ዓመት በኋላ ስለሚሆነው አይናገርም። ማድረግ ያለበት አሁን አቧራውን ማስቆም ነው። እስከ 1980 በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ያለ የቧንቧ ልባስና የቪኒል ወለል ተመርምሮ ነፃ እስኪባል ድረስ አስቤስቶስ እንዳለበት ይቆጠራል። ሥራው ዕቃውን እያረጠቡ፣ በሄፓ ቫኩም (ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር ማጣሪያ ባለው) እየሳቡ፣ በሠለጠነ ሰው ይሠራል። የወረቀት ማስክ፣ ኤን95ም ቢሆን፣ ለአስቤስቶስ አይፈቀድም። የሥራ ልብሱን ወደ ቤት አያምጣ፤ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ይህን አጥብቀው ይንገሩት።

አቤቱታው ለሜሪላንዱ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ሞሽ ይቀርባል፤ ስሙ ለአሠሪው እንዳይነገር መጠየቅ ይችላል። በአቤቱታው ምክንያት ከተባረረ የበቀል ክሱን በ30 ቀን ውስጥ ያቅርብ። የሕንፃውን አድራሻ፣ ቀኑን፣ የአለቃውን ስምና ፎቶ ያስቀምጥ። የአየር ልኬት ተደርጎ ከሆነ ቅጂው በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ሊሰጠው ይገባል፤ አሠሪውም ያንን መዝገብ 30 ዓመት የማቆየት ግዴታ አለበት። ወንድምዎ ግን በአሠሪው ሳይተማመን የራሱን ቅጂ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ለብዙ ዓመት የመኪና ፍሬን ይሠራ ነበር። የሥራ ልብሱን አራግፌ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ሲቲ ስካን ላይ የሳንባ ሽፋኔ ላይ «ፕላክ» አለ ተባልኩ። ካንሰር ነው? — ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ እናታችን፣ አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ብናኙ ወደ ሰውነትዎ መግባቱን የሚያሳይ ጠባሳ ነው። የሳንባ ሐኪም የትንፋሽ ምርመራ ያድርግልዎት፤ የጉንፋንና የሳንባ ምች ክትባትዎን አያቋርጡ።

በሕጉ በኩል የቨርጂኒያ ኗሪ መሆንዎ ጠቃሚ ነው። በ2018 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የአባቷን የሥራ ልብስ ስታጥብ ኖራ በሜሶቴሊዮማ በሞተች ሴት ጉዳይ፣ አሠሪ ለሠራተኛው ቤተሰብም የጥንቃቄ ግዴታ ሊኖርበት እንደሚችል ወስኗል። የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን በ2013 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብለት ለአምራቹ ፈርዷል። በቨርጂኒያ ይርጋው ሐኪም የአስቤስቶስ ሕመሙን ከነገረ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። አሁን ካንሰር ያልሆነ ሕመም መገኘቱ ወደፊት ካንሰር ቢመጣ የሚቀርበውን ክስ ጊዜ አያስጀምርም። ስለዚህ አይጨነቁ፤ የስካኑን ሪፖርት ብቻ በጥንቃቄ ያኑሩት፣ ለልጆችዎም የት እንዳለ ያሳዩ።

ጥያቄ፦ የመኖሪያ ወረቀት ሳይኖረኝ በሌላ ሰው ስም ነው የሠራሁት። አሁን አስቤስቶሲስ አለብህ ተብያለሁ። መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ አስቤስቶሲስ የአስቤስቶስ ብናኝ የሚያመጣው የሳንባ ጠባሳ ነው። ወረቀት አለመኖሩ ብቻውን አምራችን ከመክሰስ አያግድዎትም። አስቸጋሪው በዚያ ስም የሠሩት እርስዎ መሆንዎን ማስረዳት ነው፤ የባልደረቦች ምስክርነትና የሥራ ቦታ ፎቶ እዚህ ላይ ዋጋ አላቸው። ይህን ሁሉ ለጠበቃው በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት፤ ለጠበቃ የተነገረ ምስጢር የተጠበቀ ነው። ከኢሚግሬሽን ጠበቃም ጋር እንዲማከር ይጠይቁት፤ ያ ሳይደረግ በመሐላ የሚሞላ ምንም ቅጽ ላይ አይፈርሙ።