ካቶሊክ ያልሆነ፣ ፍልስፍናም ያልተማረ ሰው እንዲህ ያለ ንግግር ላይ ቢገኝ ይገባዋል?

ሰላም እኅቴ። የጠየቅሽው ይህን ነው፦ «ስለ እምነትና አእምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የካቶሊክ ንግግር ማስታወቂያ አየሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ሴሚናር አለ። ካቶሊክ አይደለሁም፣ ፍልስፍናም አልተማርኩም። ብሄድ ይገባኛል? ከሁለቱስ የቱ ይሻለኛል?» እንዲህ ያሉ መድረኮችን ለዓመታት ስከታተል ስለቆየሁ መልሴ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሺኝ።

መሄዱን ሂጂ። ለሕዝብ ክፍት ከተባለ እምነትሽን የሚጠይቅሽ የለም። ልማዱም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1835 ላኮርዴር የተባለው ካህን በፓሪስ ኖትርዳም ካቴድራል የታወቁትን ንግግሮቹን የጀመረው ፍሬዴሪክ ኦዛናምና የተማሪ ጓደኞቹ ሊቀ ጳጳሱን ደጋግመው ከወተወቱ በኋላ ነው። ተማሪዎቹ የፈለጉት በዘመኑ ጥርጣሬ ውስጥ ላለው የተማረ ወጣት የሚመጥን ንግግር ነበር። ስለዚህ ተጠራጥሮ የሚመጣ አድማጭ በዚያ አዳራሽ እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እንዲህ ባለ ንግግር ላይ አዲስ ሰው ግራ የሚጋባው ቃላቱ ስለሚከብዱ ይመስለዋል። እኔ እንዳየሁት ግን የሚበልጠው ችግር ተናጋሪው ከፍልስፍና ወደ ነገረ መለኮት ሲሻገር አድማጩ አለማስተዋሉ ነው። ስለዚህ ማስታወሻ ስትይዢ አንድ ጥያቄ አይለይሽ፦ ይህ ሰው አሁን የሚነሣው ማንም ሰው በአእምሮው ሊመዝነው ከሚችለው ነገር ነው ወይስ ከመገለጥ፣ ማለትም እግዚአብሔር ራሱ ገልጦታል ተብሎ በእምነት ከሚያዘው? ሁለቱም በካቶሊክ ትምህርት ቦታ አላቸው፤ አመዛዘናቸው ግን ይለያያል። የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1870 እግዚአብሔር በተፈጥሮ አእምሮ ብርሃን በእርግጠኝነት ሊታወቅ እንደሚችል አስተምሯል። ምሥጢረ ሥላሴ ግን እንዲህ አይደለም። የ13ኛው መቶ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኲናስ ሥላሴን በአእምሮ ብቻ ለማረጋገጥ የሚሞክር ሰው እምነትን ይጎዳል ይላል፤ የማያምኑት ሰዎች እኛ የምናምነው በእንዲህ ያለ ደካማ ማስረጃ ተደግፈን ይመስላቸዋልና።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ደግሞ ስለ ዓለም መጀመሪያ የጻፈው ነው። ቶማስ ዓለም መጀመሪያ እንዳላት ያምናል፤ ግን ይህን በአእምሮ ማረጋገጥ አይቻልም፣ በእምነት ብቻ የሚያዝ ነው ይላል። የዘመኑ ሰው ቦናቬንቱራ ደግሞ በአእምሮም ማረጋገጥ ይቻላል ባይ ነበር። ሁለቱም ቅዱሳን ናቸው፣ ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ተብለዋል፤ በዚህ ግን አልተስማሙም።

ይህን የምነግርሽ በጥያቄ ሰዓት አንድ ሰው ቢግ ባንግን (ዓለም ከታላቅ ፍንዳታ ጀመረች የሚባልበትን የሳይንስ ንድፈ ሐሳብ) ሳያነሣ የቀረበት መድረክ ስለማላስታውስ ነው። «ሳይንስ መጀመሪያ እንዳለ ካሳየ ፈጣሪ ተረጋገጠ ማለት ነው» የሚል ይነሣል፤ «ዓለም መጀመሪያ ባይኖራትስ?» የሚልም ይከተላል። ቶማስ ለእግዚአብሔር መኖር የሚያቀርበው ክርክር ግን በዚያ ላይ የተመሠረተ አይደለም። በሰንሰለት የተንጠለጠለ ፋኖስን አስቢ፦ ሰንሰለቱ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ አሁን በዚህ ሰዓት የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። ቶማስም የሚጠይቀው ዓለም አሁን በመኖሯ በምን እንደተደገፈች ነው፤ ስንት ዓመት ወደ ኋላ እንደምትሄድ አይደለም። የሚገርመው የቢግ ባንግን ንድፈ ሐሳብ ካመነጩት አንዱ ጆርጅ ለሜትር ራሱ የካቶሊክ ካህን ነበር። ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1951 ባደረጉት ንግግር የዘመኑን የሥነ ፈለክ ግኝት ከፍጥረት ትምህርት ጋር ሲያቀራርቡት፣ ለሜትር ግን ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖታዊ ጥያቄ ተለይቶ እንዲታይ ይፈልግ ነበር። ይህን ልዩነት ይዘሽ ከገባሽ ከአዳራሹ ግማሽ በላይ የሚደናገርበትን ክርክር ተረጋግተሽ ትሰሚዋለሽ።

ሌላም አለ። ተናጋሪው የሚለው ሁሉ «የቤተ ክርስቲያን ትምህርት» አይደለም። የተደነገገ ዶግማ (የማይለወጥ የእምነት ትምህርት) አለ፣ የሊቃውንት አስተያየት አለ፣ የተናጋሪው የግል አቋምም አለ። ሳይጠመቁ የሚሞቱ ሕፃናትን በተመለከተ የሊምቦ ሐሳብ (ሥቃይ የሌለበት፣ ግን ከመንግሥተ ሰማያት ውጭ የሆነ ስፍራ አላቸው የሚለው) ለዘመናት ሲያስተምሩት ቢኖሩም ዶግማ ሆኖ አልተደነገገም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም አቀፉ የነገረ መለኮት ኮሚሽን ሰነድ ስለ እነዚህ ሕፃናት መዳን ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት አለ ብሏል። ፍልስፍናም ላይ እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቶማስን አብዝታ ብታከብርም፣ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት «እምነትና አእምሮ» በተሰኘው መልእክታቸው ቤተ ክርስቲያን የራሷ የምትለው ፍልስፍና እንደሌላት በግልጽ ጽፈዋል። ስለዚህ «ይህ የተደነገገ ነው ወይስ የእርስዎ አስተያየት?» ብለሽ ብትጠይቂ ነውር የለውም። ጥሩ መምህር በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል፤ የሚቆጣ ከገጠመሽ እሱም የሚነግርሽ ነገር አለ።

ንግግሩ ወይስ ሴሚናሩ ላልሽው፣ ሁለቱንም መገኘት ከቻልሽ መልካም፤ አንዱን ምረጪ ካልሽኝ ግን ሳላመነታ ሴሚናሩን እላለሁ። በንግግር ላይ ሐሳቡ ተቀናብሮ፣ ሻካራው ተልጎ ይቀርብልሻል፤ አሳማኝ መስሎሽ ትወጪና በማግስቱ ለሰው ማስረዳት ያቅትሻል። በሴሚናር ግን ጽሑፉ በእጅሽ ነው። አንድ ገጽ ይነበባል፣ አንድ ሰው «አልገባኝም» ይላል፣ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ሁለት ሰዓት በአንድ ገጽ ላይ ማለፉ የተለመደ ነው፤ እኔ የተማርኩት ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ከእንዲህ ያለ ቀርፋፋ ንባብ ያገኘሁት ነው።

የቶማስ ጽሑፍ ራሱ ለዚህ የተሠራ ነው። «ሱማ ቴኦሎጂካ» የተባለውን ትልቁን የነገረ መለኮት መጽሐፉን የጻፈው ለጀማሪዎች እንደሆነ በመግቢያው ይናገራል። እያንዳንዱ ክፍል በጥያቄ ይጀምራል፤ መጀመሪያ የተቃዋሚዎችን ሐሳብ ያስቀምጣል፣ ቀጥሎ የሚቃረናቸውን ቃል፣ ከዚያ የራሱን መልስ፣ በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ተቃውሞ ምላሽ። ይህ አጻጻፍ የዘመኑ ዩኒቨርሲቲ የክርክር ልማድ ነጸብራቅ ነው። በፓሪስ በስብከተ ገናና በዐቢይ ጾም ወቅት መምህሩ ከታዳሚ መካከል ማንም ለሚያነሣው ማንኛውም ጥያቄ ራሱን የሚያቀርብበት ክርክር ይደረግ ነበር። አንቺ ዛሬ እጅሽን አውጥተሽ ስትጠይቂ ያንኑ ወግ ነው የምትቀጥዪው፤ ስለዚህ አትፈሪ።

ለዝግጅት ብዙ አትሸከሚ። ማስታወቂያው ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ተጠቅሶ ከሆነ እሱን ብቻ አንብቢ። ካልተጠቀሰ፣ ርእሱ እምነትና አእምሮ ስለሆነ ከሱማው የመጀመሪያ ክፍል የጥያቄ ሁለትን ሦስተኛ አንቀጽ ውሰጂ፤ እግዚአብሔር መኖሩን ለማሳየት ያቀረባቸው አምስቱ መንገዶች የሚባሉት እዚያ አሉ። ግን ከመልሱ በፊት ሁለቱን ተቃውሞዎች አንብቢ፦ አንዱ «እግዚአብሔር ቢኖር ክፋት ባልኖረ ነበር» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «ሁሉ ነገር በተፈጥሮና በሰው ፈቃድ ሊገለጽ ስለሚችል እግዚአብሔር አያስፈልግም» ይላል። ዛሬም ከእነዚህ የበረታ ተቃውሞ ብዙ አልሰማሁም። የትኛው ይበልጥ እንደሚያሳምንሽ ለራሽ ወስኚና ምላሹን ሳታነቢ ወደ ሴሚናሩ ግቢ።