ስሊፕ ገብቶ ለማይነቃ ላፕቶፕ ፎርማት መፍትሔ አይደለም

ወንድሜ፣ «ላፕቶፔ የቆየ ነው፣ ዊንዶውስ 10 ነው የተጫነበት። ከድኜው ሄጄ ስመለስ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሌሊት ማንም ሳይነካው ይነሳል። ፎርማት ላድርገው?» ነው ጥያቄህ። አታድርገው! እኔ አስደርጌው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስሊፕ ሥራህን ራም (ጊዜያዊው ትውስታ) ላይ ይዞ በትንሽ ኃይል ያስተኛዋል፤ ሃይበርኔት ደግሞ ዲስክ ላይ በፋይል አስቀምጦ ማሽኑን ያጠፋዋል።

1. ስክሪኑ እንደጠቆረ ካፕስ ሎክን ደጋግመህ ተጫን። መብራቷ በርታ ከጠፋች ማሽኑ ነቅቷል ማለት ነው። ያልነቃው ስክሪኑ ብቻ ነው። ያኔ መጀመሪያ የግራፊክስ ድራይቨሩን (ዊንዶውስን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ጠርጥር። መብራቷ ጨርሶ ዝም ካለች ግን ነገሩ ይሰፋል፤ ራምም ባዮስም (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሊሆን ይችላል። የኔዋ ትበራ ነበር። ይቺን አንዲት ነገር ባውቅ ኖሮ ጥገና ቤት ደጅ ባልጠናሁ።

2. «አጥፍተህ አብራው» የሚሉህን አትስማ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ሻት ዳውን ስትለው የሲስተሙን እምብርት ከነድራይቨሮቹ ዲስክ ላይ ያስቀምጥና፣ ስታበራው ያንኑ መልሶ ያመጣልሃል። የተበላሸውም አብሮ ይመጣል። ከዜሮ የሚጀምረው ሪስታርት ስትለው ነው። ሺፍትን ይዘህ ሻት ዳውን ብትልም ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንቴ አጥፍቼ እንዳበራሁ ፈጣሪ ይቁጠረው።

3. የሚሠራልህን ሰው... እሺ፣ እዚህ ላይ ታሪኩን ልንገርህ።

ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ሳይከፍተው፣ እንዲያውም ቀና ብሎ ሳያየኝ «ማዘርቦርድ ነው» አለኝ። ካፕስ ሎኩ እንደሚበራ ነገርኩት። «አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ ባለሙያው?» አለ። ከዚያ ፎርማት እንሞክርለት ተባለ። ፋይሎቼስ ስለው «ዶክመንትስ ፎልደሩን እይዝልሃለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ አመንኩ። ሁሉን ነገር ዴስክቶፕ ላይ የማስቀምጥ ሰው መሆኔን ረስቼ! የልጄ የመጀመሪያ ዓመት ፎቶዎች በሙሉ እዚያ ነበሩ። ዶክመንትስ ውስጥ የነበረው አንድ የድሮ ሲቪ ብቻ ነው። እሱን በታማኝነት መልሶልኛል።

ቤት ገብቼ ሳየው ደግሞ ከፓወር ሜኑ ላይ ስሊፕ የሚለው ምርጫ ራሱ ጠፍቷል። ደወልኩለት። «እንዲያውም ተገላገልክ፤ ስሊፕ ከሌለ የስሊፕ ችግር የለም» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ያን ቀን በንዴት ራሴ ፍለጋ ጀመርኩ። ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) በአድሚኒስትሬተር ክፈት። ፓወር የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፍና ሳትነጥል ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ጨምርበት። ከዚያ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ኤ። ማሽንህ የትኞቹን የእንቅልፍ ዓይነቶች እንደሚችል፣ የማይችለውን ደግሞ ማን እንደከለከለው ይዘረዝርልሃል። የኔ ላይ ከልካዩ ግራፊክስ ነበር። ዲቫይስ ማኔጀር (የማሽኑ ዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ስገባ ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር ይላል። ይህ ድራይቨር ለጊዜው ስክሪን እንድታይ ብቻ ነው፤ እሱ ባለበት ስሊፕ የለም። የላፕቶፑን ሞዴል ከጀርባው አንብቤ ከአምራቹ ድረ ገጽ ለዊንዶውስ 8 የተሠራውን የድሮ ድራይቨር አውርጄ ጫንኩ። ሪስታርት። ስሊፕ ተመለሰ። ከደንኩት፣ ከፈትኩት፣ ነቃ! ማዘርቦርዱ ሞቷል የተባለው ላፕቶፕ ማለት ነው። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።

አንተ ፎርማት ስላላደረግክ ነገሩ ይቀልሃል። ችግሩ ከዊንዶውስ አፕዴት በኋላ ከጀመረ፣ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ገጽ ላይ ሮል ባክ የሚል አዝራር አለ። እሱን ሞክር። ደብዝዞ አልጫን ካለህ እንደኔ ከአምራቹ አውርድ።

ሌሊት የሚነሳው ሌላ ጉዳይ ነው። በነቃበት ጠዋት ያንኑ ትዕዛዝ ጻፍና ከስላሹ በኋላ በኤ ፈንታ ላስትና ዌክ (መንቃት) የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ሳትነጥል ጻፍ፤ ብዙ ጊዜ ማን እንደቀሰቀሰው ይነግርሃል። የኔ ኔትወርክ ካርዱ ነበር። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የካርዱን ገጽ፣ እዚያም ፓወር ማኔጅመንት የሚለውን ክፈትና ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ የሚፈቅደውን ምልክት አንሳበት። ማውዝም እንዲሁ ያደርጋል፤ ጠረጴዛው ሲነካ ብቻ ብድግ የሚል ማሽን አይቻለሁ። ምንም ካልተገኘ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ዌክ ታይመርን (በቀጠሮ ሰዓት የሚቀሰቅሰውን) ዝጋ።

ሃይበርኔት ላይም የሚያስቸግርህ ከሆነ ሃይበርኔትን ራሱን አጥፍተህ መልሰህ አብራው፤ በዚያው ትዕዛዝ ስላሽ ኤች፣ ክፍተት፣ ኦፍ፤ ከዚያ ስላሽ ኤች፣ ክፍተት፣ ኦን። ስታጠፋው የድሮው ፋይል ይሰረዛል፣ ስታበራው በአዲስ ይፈጠራል። ሲ ድራይቭህ ግን ቦታ ይኑረው። ዊንዶውስ 10 ላይ ይህ ፋይል በተለምዶ የራምህን 40 በመቶ ያህል ይይዛል፤ 8 ጊጋ ራም ካለህ ከ3 ጊጋ በላይ ማለት ነው።

ሲነቃ ሰማያዊ ስክሪን የሚያሳይህ ከሆነ ግን የኔ ታሪክ ላይበቃህ ይችላል፤ ድራይቨሩም ራሙም ሊሆን ስለሚችል ራሙንም አስፈትሸው።

የካፕስ ሎኩን ሞክርና ንገረኝ። ትዕዛዙ ግራፊክስ ካለህ ደግሞ የላፕቶፑን ሞዴል ጻፍልኝ፣ ድራይቨሩን አብረን እንፈልጋለን። ዴስክቶፕህ ላይ ያለውን ግን ዛሬውኑ ፍላሽ ላይ ገልብጥ።