መገጣጠሚያን የሚያበሩ ውህዶች፦ ጥያቄና መልስ

ሩማቶይድ አርትራይተስን፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበትን ሕመም፣ ገና በጅምሩ ለመለየት ስለሚውሉ፣ ወደ ሰውነት ገብተው የታመመውን ቦታ በብርሃን ስለሚያሳዩ አብሪ ውህዶች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኤክስሬይ እያለ ይህ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ኤክስሬይ በዋናነት የሚያሳየው አጥንት ከተበላ በኋላ ያለውን ነው። ሕመሙ ግን የሚነሳው መገጣጠሚያውን ከውስጥ ከሚያለብሰው ስስ ሽፋን ስለሆነ፣ በዚያ ደረጃ ከተደረሰበት አጥንቱን የማዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጥያቄ፦ ውህዱ የታመመውን ቦታ በምን ያውቃል?

መልስ፦ አንደኛው ዓይነት ምንም አያውቅም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1959 ለሕክምና የተፈቀደው ኢንዶሳያኒን ግሪን የተባለ ቀለም ከደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ በሰውነት ይዞራል፤ ብግነት (በሕመም የሚመጣ መቆጣትና ማበጥ) ባለበት ስፍራ የደም ፍሰቱ ስለሚበዛና የደም ሥሮቹ ስለሚያሾልኩ ግን እዚያ ይጠራቀማል። ሁለተኛው ዓይነት ብርሃኑ ታፍኖ ይገባና የሚበራው ካቴፕሲንን የመሰለ ኤንዛይም ሲቆርጠው፣ ወይም ነጭ የደም ሴሎች የሚያመነጩት ሃይፖክሎረስ አሲድ ሲነካው ነው። ይህ አሲድ በረኪና ልብስ የሚያነጣበት ያው አሲድ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ ይህኛው ቢሆንም፣ በአብዛኛው የተፈተነው ሆን ተብሎ አርትራይተስ እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በሰው ላይ ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

መልስ፦ በጀርመን ለእጅ ብቻ የተሠራ መሣሪያ አለ። ታካሚው ሁለት እጆቹን ከካሜራው ሥር ዘርግቶ ያስቀምጣል፤ ቀለሙ በደም ሥሩ ከተሰጠው በኋላ ካሜራው በየሰከንዱ አንድ ምስል እያነሳ ለ6 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 360 ምስል ይሰበስባል። በመጀመሪያ የጣት ጫፎች ደምቀው ይታያሉ፤ ከእነርሱ ቀድሞ የበራ ወይም ሌላው ሲደበዝዝ እርሱ ሳይደበዝዝ የቀረ አንጓ ያጠራጥራል። ብርሃኑ በዓይን አይታይም፤ 800 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ሞገድ የተመረጠው ደምና ሥጋ ብዙም ስለማይውጡት ነው። ቀለሙ አዮዲን ስላለው፣ ለአዮዲን አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ የሚያብጠው ጉልበቴ ነው፤ ይሆነኛል?

መልስ፦ አይሆንም። ብርሃኑ ከቆዳ ሥር ርቆ አይዘልቅም፤ ለጉልበት አልትራሳውንድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እናቴን ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። ይህን ምርመራ እንጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቁ። ግትርነቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይና አንጓዎቿም የሚያብጡ ከሆነ «ቁርጥማት ነው» ተብሎ መተው የለበትም፤ ሐኪም እጇን ይመርምርላት፣ በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ በደም ውስጥ የሚገኙ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚፈልጉትን የሩማቶይድ ፋክተርና የፀረ ሲሲፒ የደም ምርመራዎችም ያዝዝላት። ሁለቱም ኔጌቲቭ ቢሆኑ እንኳ በሽታው የለም ማለት አይደለምና እብጠቱ ካልጠፋ ተመልሳችሁ ሂዱ።