በአንድ ዩኒቨርሲቲ የብራና መጻሕፍት ክምችት ላይ ለመመራመር ፌሎሺፕ (የምርምር ድጋፍ ገንዘብ) ስታመለክት፣ ፕሮፖዛሉ ይቅደም ወይስ ለክምችቱ ኃላፊ መጻፍ?

መጀመሪያ ለክምችቱ ኃላፊ ጻፍ። ፕሮፖዛሉ ይቆይ። ማመልከቻህ ሁለቴ የወደቀው «ለምን ይህን የዩኒቨርሲቲ ክምችት መረጥክ?» የሚለው ላይ ነው ብለሃል። ካታሎግ ብቻ አይቶ ይህን መመለስ በእርግጥ ይከብዳል።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን። የምትፈልጋቸውን ሦስት አራት ሰነዶች ከነመለያ ቁጥራቸው ጥቀስ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ገና ካታሎግ ውስጥ ያልገባ ተዛማጅ ነገር አለ ወይ? ዲጂታል የሆነውስ የትኛው ነው? ሁለተኛውን አትናቀው። ሰነዱ ኢንተርኔት ላይ በሙሉ ካለ ገምጋሚው «ታዲያ እዚህ ድረስ መምጣት ለምን አስፈለገ?» ይላል። ስለዚህ በፎቶ በደንብ የማይታየውን በማመልከቻህ ጥቀስ፦ የጥራዙን ስፌት፣ የብራናውን ሁኔታ፣ ተፍቆ የተጻፈበትን ቦታ።

ገንዘቡን በተመለከተ የአውሮፓ ኅብረት የሚሰጠውን የማሪ ስክሎዶውስካ ኪዩሪ የድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፕ እይ። የአውሮፓው ዘርፍ ከ1 እስከ 2 ዓመት ደመወዝ ይከፍላል፤ የማንኛውም አገር ዜጋ ማመልከት ይችላል። ግን ከቀነ ገደቡ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ ኖረህ ወይም ሠርተህ ከሆነ አይሆንም። ዶክትሬትህን ከያዝክ በኋላ ያለህ የምርምር ልምድም ከ8 ዓመት መብለጥ የለበትም።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኔ ፌሎሺፑን አግኝቼ ስደርስ ዋናው ጥራዝ ለጥገና ገብቶ ነበር። አምስት ወር ጠበቅሁ፤ ጊዜው ግን አልተራዘመልኝም። ሰነዱ በምትሄድበት ወቅት ለንባብ ክፍት መሆኑን አስቀድመህ በጽሑፍ አረጋግጥ።