ጉሙን ያመጣው ኮላው ነው

ከለገሃር አካባቢ አንዲት አንባቢ ጽፋልኛለች። ቃሏን አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ከቁልፌ ጋር የማንጠለጥላት ትንሽ የአሉሚኒየም ባትሪ አለችኝ። መንገድ ላይ ነው የገዛኋት፣ ርካሽ ናት። ሦስት ክብ የሰዓት ድንጋይ ትጎርሳለች። ጭንቅላቷ ጥቁር ሆኖ ሳለ እጀታዋ ወደ ሐምራዊ ይወስደዋል። አምፖሏ መሀል ላይ አልተቀመጠችም። ግድግዳ ላይ ሳበራት መሀሉ ሰማያዊ፣ ዳሩ ቢጫ ይሆናል። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። በቅርቡ መስታወቷ ሲላቀቅ ሰፈር ያለ ጥገና ቤት አጣበቁልኝ። የተጫጫረውንም ቀለም ቀቡልኝ። በማግሥቱ መስታወቷን ከውስጥ ጉም የመሰለ ነጭ ነገር ሸፈነው። አሁን ደግሞ አንዳንዴ ትበራለች፣ አንዳንዴ እምቢ ትላለች። መስታወቱን በአሴቶን ላጽዳው? የአራት ዓመት ልጄ ስለሚወዳት መጣል አልፈለግሁም።»

እህቴ፣ አሴቶኑን አስቀምጪው። «በማግሥቱ» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ነገሩ ገባኝ። አቧራ በአንድ ሌሊት እንዲህ አይሸፍንም። እርጥበትም ቢሆን ፀሐይ ሲያገኝ ይጠፋል። ይህ መስታወቷን ያጣበቁበት ኮላ፣ የሱፐር ግሉ ጉም ነው። እምቢ ማለቷም ከተቀባችው ቀለም ይመስለኛል። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው እንከን አንዱም አልጎዳትም፤ የጎዳት ጥገናው ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የልጁ ነገር። ያቺን ባትሪ ዛሬውኑ ከልጁ እጅ አውጪ። ውስጧ ያሉት ክብ ድንጋዮች 11.6 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። ለአራት ዓመት ልጅ ከረሜላ ማለት ናቸው። ልጅ ከዋጠው ድንጋዩ እስኪፈስ አይጠብቅም። እርጥብ ሥጋ ሲነካ ኤሌክትሪኩ ራሱ እዚያው አቃጣይ ነገር ይፈጥራል። ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። «በሰገራ ይወጣል» ተብሎ አይጠበቅም፣ እንዲያስታውከውም አይደረግም። በቀጥታ ኤክስሬይ ወዳለበት ሆስፒታል ነው። አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ቢከተውም ያው ነው። ስትከፍቻት ልጁ ሌላ ክፍል ይሁን። ሦስቱን ድንጋዮች ቁጠሪና ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጊ።

አሁን ወደ ጉሙ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ትነት ይወጣዋል። ትነቱ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ነጭ ዱቄት ሆኖ በቅርብ ያገኘው ነገር ላይ ይቀመጣል። ጠባብ ጭንቅላት ውስጥ መውጫ ስለሌለው መስታወቱ ላይ ያርፋል። ባለፈው አንድ ሰው ያመጣልኝን ባትሪ ከፍቼ መስታወቱን ወደ ብርሃን ሳዞረው፣ የአውራ ጣት አሻራ በነጭ ተስሎ አገኘሁ። መስመሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ፖሊሶች አሻራ ለማንሳት በዚሁ የኮላ ትነት ይጠቀማሉ። ያችን ባትሪ የጠገናት ሰው መስታወቱን ሳይጠርግ በላብ ጣቱ ይዞ አጣብቆ ኖሯል። በጣም ነው የሚያናድደኝ። ሱፐር ግሉ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ለሁሉም ነገር ይደፉታል።

ሥራው እንዲህ ነው። ድንጋዮቹን ካወጣሽ በኋላ ጭንቅላቱን ፍቺው። መስታወቱን ከውስጥ በኩል በስቴኪኒ ደንዳና ጫፍ ዙሪያውን እየዞርሽ ቀስ ብለሽ ግፊው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከገፋሽ ይሰነጠቃል። ስሙ መስታወት ይሁን እንጂ በዚህ ዋጋ የሚሸጠው አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። አሴቶን አስቀምጪ ያልኩሽም ለዚህ ነው፤ አሴቶን ፕላስቲኩን ራሱን ይበላዋል። ያኔ ጉሙ ለዘለዓለም ይቀራል። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቢው። አድርቂው። ነጩ ካልለቀቀ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ትንሽ ነጭ የጥርስ ሳሙና አድርገሽ ለሁለት ሦስት ደቂቃ እያዞርሽ እሺው። ጄል የሆነው አይሠራም። ጠርዙ ላይ የደረቀውን ኮላ በጥፍርሽ አንሺው፣ በቢላ አትነካኪው።

ስትመልሺው ሱፐር ግሉ የሚባል አይድረስበት። ግልጽ ሲሊኮን ግዢ። በስቴኪኒ ጫፍ ጠርዙ ላይ እንደ ክር ቀጭን አድርገሽ ዙሪያውን አስኪጂው። ከዚያ ጭንቅላቱን ለብቻው፣ ከአምፖሏ ሳታገናኚ፣ ለ24 ሰዓት ክፍት ተዪው። ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ከሆነ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ጠብቂ። ሽታው ብረት ይበላል።

አንዳንዴ እምቢ የምትለው ደግሞ ለምን እንደሆነ ላሳይሽ። በዚህ ዓይነት ባትሪ ሽቦው እጀታው ነው። ከድንጋዩ ኋላ የተነሣው ኤሌክትሪክ በሞላው፣ በማብሪያው፣ በእጀታው ብረት ዞሮ አምፖሏ ጋ ይደርሳል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጠጋኙ ጭረቱን ሲቀባ ብሩሹ የእጀታውን ጠርዝና የሚጠመዘዝበትን ጥርስ ነክቷል ብዬ እገምታለሁ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የኋላ ክዳኑን ፍቺ፣ ድንጋዮቹ ውስጥ ይሁኑ። በቁራጭ ሽቦ የመጨረሻውን ድንጋይ ጀርባ ከእጀታው ጠርዝ ጋር አገናኚ። ጠርዙ ላይ ቀለም ካለ መጀመሪያ በመርፌ ጫሪው። ሳትርገበገብ ከበራች ጥፋቱ ክዳኑ ወይም ጥርሱ ጋ ነው። አሁን ድንጋዮቹን አውጪ፣ ቁጠሪ፣ ክደኚ። መስታወቱ ከአጠገቧ ከራቀ አሴቶን እዚህ ይፈቀዳል፤ ጥጥ ላይ ነክረሽ ጥርሱንና ጠርዙን ጥረጊ። የቀረውን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አንድ ሁለቴ ማሸት ይበቃል። ብረቱ ማብረቅ አለበት። ከጥርሱ አልፈሽ ውጪውን እንዳትፈገፍጊው።

ቴስተር ካለሽ ድንጋዮቹንም ለኪያቸው። አዲስ ድንጋይ 1.5 ቮልት አካባቢ ነው፣ ሦስቱ ሲደረደሩ 4.5። ነጭ ኤልኢዲ፣ ማለትም ያቺ ትንሿ አምፖልሽ፣ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ከዚያ ሲወርድ ትደክማለች። ስትለውጪ ሦስቱንም አንዴ ለውጪ። አሮጌና አዲስ ከተቀላቀሉ አሮጌው ይፈሳል። በአንድ ካርቶን ላይ ተደርድሮ በርካሽ የሚሸጠውን ተጠንቀቂ። ስንቱን ካርቶን ገዝቼ ግማሹ ከነማሸጊያው ሞቶ አግኝቼዋለሁ። ሞተ ያልኩትም ለመብራት ነው እንጂ ለልጅ ጉሮሮ አልሞተም። ባትሪ ማብራት ያቃተው ድንጋይም ለማቃጠል የሚበቃ ኃይል ይቀረዋል። ስለዚህ አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ አትወርውሪው።

ወደ ቢጫው ቀለበት ልምጣ። ይህን ማስረዳት ደስ ይለኛል፣ ትንሽ ታገሺኝ። ነጭ የሚያበራ ኤልኢዲ ውስጥ ነጭ ብርሃን የሚያወጣ ነገር የለም። ከምስር ፍሬ የምታንስ አንዲት ቁራጭ አለች፣ የምታወጣውም ሰማያዊ ብቻ ነው። ይህን ሰማያዊ ማግኘት ዓለምን ብዙ አድክሟል። የተሳካላቸው ሦስት ሳይንቲስቶች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። እና ነጩ ከየት መጣ? ቁራጯ ላይ ቢጫ ዱቄት ከሙጫ ጋር ተለውሶ ይፈስባታል። እርድ የነካው ሊጥ በይው። ባትሪሽን አጥፍተሽ አምፖሏን ፊት ለፊት ብታያት ያችን ቢጫ ነጥብ ታገኛታለሽ። ከሰማያዊው ገሚሱ ዱቄቱን ሰንጥቆ ያልፋል። ገሚሱን ዱቄቱ ይውጠውና ቢጫ አድርጎ ይመልሰዋል። ሰማያዊና ቢጫ ሲደባለቁ ለዓይናችን ነጭ ይሆናሉ።

አሁን መንገዱን አስቢው። ቀጥ ብሎ ወደ ፊት የሚሄደው ብርሃን ዱቄቱን በአጭሩ አቋርጦ ይወጣል። ወደ ጎን የሚሄደው በሰያፍ ስለሚያልፍ ዱቄት ውስጥ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ብዙ ዱቄት ባገኘ ቁጥር ብዙ ቢጫ ይሆናል። ለዚህ ነው መሀሉ ወደ ሰማያዊ፣ ዳሩ ወደ ቢጫ የሚያደላው። ዱቄቱ ወጥ ሆኖ ካልፈሰሰ ደግሞ ልዩነቱ ይጎላል፣ ርካሹ ላይ የሚታየውም ይኸው ነው። ዛሬ ማታ ሞክሪው። ግድግዳ ላይ አብሪያት፣ ከዚያ ፊቷ ላይ አንድ ስስ ነጭ ወረቀት ያዢ። ወረቀቱ ብርሃኑን ይበትነውና ሰማያዊው ከቢጫው ይደባለቃል። ቀለበቱ ይጠፋል። እንግዲህ ባትሪሽ አልተበላሸችም። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ስትወጪ ቀለበቱን አታይውም።

የአምፖሏ መጣመም እግሯ ከተጣመመ ነው። ጭንቅላቱ ተፈትቶ ሳለ በስቴኪኒ ገፋ አድርጊያት። አንዴ ከመጣች መጣች፤ ካልመጣች አትታገያት፣ እግሯ ይሰበራል።

ሐምራዊው እጀታ አይስተካከልም። አሉሚኒየም እንዲህ ጥቁር የሚሆነው ላዩ ላይ በኤሌክትሪክ ቅርፊት እንዲያበቅል ተደርጎ ቅርፊቱ ቀለም ሲጠጣ ነው። እጀታው ማቅለሚያው ውስጥ ብዙ ካልቆየ ጥቁሩ ወደ ሐምራዊ ይሸሻል። ጭንቅላቱና እጀታው በተለያየ ቀን ተነክረው ይሆናል። ጭረቱም ቢሆን አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፣ መቀባቱ ራሱ አያስፈልግም ነበር። ዓይንሽን ካስቸገረሽ ጥቁር ማርከር ጫፉን አስነኪው፣ ከጥርሱ ርቀሽ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ካልበራች አራት ኪሎ ስታልፊ ይዘሻት ነይ፣ አብረን እናያታለን። ስታመጪያት ድንጋዮቹ ውስጧ አይሁኑ። እያንዳንዱን በሁለቱም ፊቱ በፕላስተር ጠቅልይው፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ ክተቺና ጠርሙሱን ልጁ ወንበር ቆሞም የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው።