መልስ፦ ፕላዝማው ሲጠፋ የፊሽኑ ክፍልም ይቆማል ወይ?

የጠየቁት ፊውዥንንና (የቀላል አቶሞችን ውህደት) ፊሽንን (የከባድ አቶሞችን ስንጥቀት) ያጣመረ ሪአክተር ፕላዝማው፣ ማለትም ውህደቱ የሚካሄድበት እጅግ የጋለ ጋዝ፣ ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ ይቆማል ወይ ነው። የሰንሰለት ሂደቱ አዎ፣ ወዲያው ይከስማል። ሙቀቱ ግን አይቆምም፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው።

ሁለቱ ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነቶች፣ ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም፣ ሲዋሃዱ 17.6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይወጣል፤ 14.1ዱን ይዞ የሚወጣው ኒውትሮኑ ነው። ይህ ፈጣን ኒውትሮን በፕላዝማው ዙሪያ ወዳለው ሽፋን ሲገባ፣ በተራ ሪአክተር እምብዛም የማይሰነጠቀውን ዩራኒየም 238 እንኳ ይሰነጥቃል። አንድ ስንጥቀት ወደ 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይሰጣል። ሽፋኑ ፕሉቶኒየም ተቀላቅሎበት የማባዛት መጠኑ (አንድ ኒውትሮን በአማካይ የሚተካቸው ኒውትሮኖች ብዛት፤ 1 ከሞላ ሂደቱ ያለ ፕላዝማው ይቀጥላል) 0.95 ቢደርስ፣ ሳይባክን የገባ አንድ ኒውትሮን በአማካይ 6.5 ያህል ስንጥቀት ያስከትላል። ይህ 1,300 ሚሊዮን ገደማ፣ ከውህደቱ ከ70 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ፕላዝማው ራሱ ትልቅ ትርፍ ባያመጣም ያዋጣል። መጠኑን 0.98 ብናደርገው ብዜቱ፣ ማለትም ከአንድ ገቢ ኒውትሮን የሚገኘው የኒውትሮኖች ድምር፣ ከ20 ወደ 50 ይዘላል፤ ያጓጓል፣ ነገር ግን የደኅንነት ኅዳጉን ያሳሳል። እኔ 0.95 ላይ ብቆም እመርጣለሁ።

ወደ ሙቀቱ ስንመለስ፦ ፊሽኑ በቆመበት ቅጽበት የስንጥቀት ውጤቶቹ መበስበስ ከሙሉ ኃይሉ 6 በመቶ ያህል ይሰጣል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ከ1 በመቶ በላይ ነው። በ3,000 ሜጋዋት ሙቀት ይህ ከ30 ሜጋዋት በላይ ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2011 ፉኩሺማ ላይ ነዳጁን ያቀለጠው ይኸው ሙቀት ነው፤ የሰንሰለት ሂደቱ ያኔ ቆሞ ነበር። ስለዚህ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቀዝቀዣ እዚህም ግዴታ ነው። ፈሳሽ ብረት ለማቀዝቀዣ ከተመረጠ ደግሞ የፕላዝማው መግነጢሳዊ መስክ ፍሰቱን ስለሚጎትተው ፓምፑ ይከብደዋል።

ትሪቲየሙም መዘንጋት የለበትም፤ ከሚወጡት ኒውትሮኖች የተወሰኑት ሊቲየም 6ን መትተው አዲስ ትሪቲየም መፍጠር አለባቸው፤ አለዚያ ማገዶው ያልቃል።