መልስ፦ ሕግ እያለ ትራንስ ሴቶች ለምን ይጠቃሉ?

«አርጀንቲና ሕግ ካወጣች ቆይታለች፤ ታዲያ ትራንስ ሴቶች (ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ ሴቶች) አሁንም ለምን ይገለላሉ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦

እህቴ፣ የ2012ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ በጣም ትልቅ ነገር ነው። አንዲት ሴት ያለ ፍርድ ቤትና ያለ ቀዶ ሕክምና መታወቂያዋ ላይ ስሟንና ጾታዋን ማስቀየር ትችላለች። ቀላል እንዳይመስልሽ። ክሊኒክ ተራ እየጠበቅሽ፣ ሰው በሞላበት በወንድ ስም ስትጠሪ አስቢው። ሁሉም ዞሮ ያፈጥብሻል። ይህን ሽሽት እየታመሙ ቤት የሚቀመጡ ነበሩ።

መታወቂያ ብቻውን ግን ሥራ አያስቀጥርም፣ ቤትም አያከራይም። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ከቤት የተባረሩ፣ ትምህርት ያቋረጡ ናቸው። ስለዚህ ገላቸውን ለመሸጥ ሌሊት መንገድ ላይ ይወጣሉ፤ እዚያ ደግሞ ከደንበኛም ከፖሊስም ዱላ አለ። ለመብታቸው ስትታገል የኖረችው ዲያና ሳካያን እንኳ በ2015 ቦነስ አይረስ ውስጥ፣ በገዛ ቤቷ ተገደለች። በ2018 አንድ ሰው በግድያው ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

በ2021 በእሷና በትግል ጓዷ ሎሃና በርኪንስ ስም የተሰየመ ሕግ ወጣ። ከመንግሥት ሥራ ቢያንስ 1 በመቶው ለትራንስ ሰዎች እንዲሆን ያዛል። እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ይሄንን ነው፤ ቋሚ ደሞዝ ያላት ሴት ለዱላ ወደሚዳርጋት መንገድ አትወጣም። የግል ቀጣሪዎችን ግን አያስገድድም፤ ትልቁ ክፍተትም እዚያ ነው።